በዓይናችን ያየነው ትል

ይህ ምስክርነት ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ሠርቶ ያድራል፣ ይቀልዳል፣ ሊያገባም ሽማግሌ ልኳል። በሰባት ወሩ ግን ልንቀብረው ደርሰን ነበር። ለሞት ያቀረበው ተቅማጡ ብቻ አልነበረም፤ ከተቅማጡ ይድናል ተብሎ የተደረገለት ነገር ጭምር እንጂ። ወላጆቼ ስለዚያ ክረምት ማውራት አይወዱም። እሱ ደግሞ አያስታውሰውም። ስለዚህ የምናገረው እኔ ነኝ። በየመንደሩ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» እያሉ ግግ ለሚባለው የሕፃን ድድ «ትል» የሚመሰክሩ ሞልተዋል። እኔም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ዘመኑ 1994 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። የምንኖረው ከዳንግላ ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ክረምት ሲገባ ምንጩ ይደፈርሳል፤ ጎርፉ የከብቱንም የሰዉንም ቆሻሻ ጠርጎ ወደምንቀዳበት ያወርደዋል። ወንድሜን ማሙሽ እንለው ነበር፤ ያኔ መዳህ ጀምሯል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ከጡት ሌላ አጥሚትና በሽሮ የራሰ እንጀራ መቅመስ ከጀመረም ሰንብቷል። ተቅማጡ የያዘው በዚህ መሃል ነው። መጀመሪያ ላይ ማንም አልደነገጠም፤ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ተባለ። ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ያስቀምጠዋል ሲባል ያልሰማ በእኛ አገር የለም።

ሲብስበት እናቴ አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ወረደች። በተቅማጥ የወጣውን ውሃ የሚተካው የኦአርኤስ ዱቄት ከረጢቶች ተሰጧት፤ «በውሃ በጥብጠሽ አጠጪው» ተባለች። በስንት ውሃ፣ በየስንት ጊዜው፣ ቢያስታውክስ የሚለውን የነገራት አልነበረም። ቤት ገብታ በጣሳ በጥብጣ ሰጠችው፤ ልጁ አስታወከው። «አልተስማማውም» ተባለና የቀሩት ከረጢቶች መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ኋላ እንደተማርኩት፣ ሕፃን ቢያስታውክ አሥር ደቂቃ ያህል ታግሶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው እንጂ ማቆም አይደለም። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ የተበጠበጠውም ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። ጡቱም አይቋረጥም። ይህን ያህል ብቻ የሚነግራት ሰው ብታገኝ ኖሮ ቀጥሎ የምተርከው ባልኖረ።

ልጁ እየደከመ ሲሄድ የአባቴ እናት መጡ። አያቴ ብዙ ወልደው ብዙ የቀበሩ፣ ለልጅ የሚሳሱ ሴት ነበሩ። ማሙሽን ጭናቸው ላይ አስተኝተው የታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣታቸው ገልበጥ አደረጉና «ኑ እዩ» አሉን። ሁላችንም አጎንብሰን አየን። ክራንቻ የሚበቅልበት ድድ በግራም በቀኝም አበጥ፣ ነጣ ብሏል።

«ግግ ነው» አሉ። «ትሉ እየበላው ነው። ቶሎ ካልወጣለት ወደ ልቡ ይወርዳል።»

እናቴ «እማማ፣ ትንሽ እንጠብቅ፤ የሞላው ወንዝ ጎደል ሲል ሐኪም ቤት እንውሰደው» አለቻቸው።

«ግግ የያዘው ልጅ መርፌ ከተወጋማ አለቀለት! የማን ልጅ ነው በመርፌ ከግግ የዳነው?»

ለዚህ መልስ የነበረው ሰው በቤቱ አልነበረም። አማት ተናግረው ምራት የምትከራከርበት ዘመንም አልነበረም።

ያ ያበጠ ድድ ምን እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። የሕፃን የወተት ክራንቻ ከድድ ብቅ የሚለው ከዓመት ከአራት ወር አንስቶ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያው ግን ከሥር እያደገ ድዱን ገፋ ያደርገዋል፤ ከላዩ ያለው ድድም ወጠር፣ ነጣ ይላል። የጤነኛ ሕፃን ድድም ቢገለጥ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የጤነኛውን ድድ ገልጦ የሚያይ አለመኖሩ ነው። የታመመው ከንፈር ሲገለጥ «ምልክቱ» ይገኛል፤ ሁልጊዜም ይገኛል።

ጊዜውም ይገጣጠማል። ልጅ ከእናቱ ማህፀን ይዞት የመጣው የበሽታ መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየሳሳ ይሄዳል። በስድስት ወሩ ምግብ ይጀምራል፣ ውሃ ይቀምሳል። ይድሃል፣ አፈር ይልሳል። ተቅማጥና ትኩሳት የሚበረክቱበት ዕድሜ ይህ ነው፤ ድዱ የሚነጣውም በዚሁ ዕድሜ ነው። ሁለቱ አብረው ስለመጡ አንዱ የሌላው ወላጅ መስሎ ይታያል። ጥርስ ማብቀል ልጁን ሊያነጫንጨው፣ ለሃጩን ሊያዝረበርበው፣ ድዱን ሊያሳክከው ይችላል፤ ከባድ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን ከጥርስ አይመጣም።

ግግ የሚያወጡት ሴትዮ የመጡት በማግስቱ ጧት ነው። የተከበሩ ሴት ናቸው፤ ቡና ተፈልቶ ጠበቃቸው። አባቴ ማሳ ሄዶ ነበር። እናቴ «እኔ አላይም» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ብርሃን ባለበት፣ ከደጃፉ ሥር አጎዛ ተነጠፈ። አያቴ የማሙሽን እጆች በነጠላ ጠቅልለው ራሱን በጉልበታቸው መሃል ያዙ፤ እኔ እግሮቹን እንድይዝ ታዘዝኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ሴትዮዋ ከመቀነታቸው ወስፌ አወጡ። ስፌት የሚሰፋበት ወስፌ ነው፤ ጫፉ ግን ጠመም ተደርጎ ተስሏል። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ዝግጅቱ ይኸው ነበር። በግራ እጃቸው ጣት ድዱን ወጠሩና ወስፌውን ከታች በቀኝ በኩል ሰኩት። ጩኸቱን አልገልጸውም። የማስታውሰው የእግሮቹን ጉልበት ነው፤ ከተኛበት የማይነሳ የመሰለን ልጅ ከሁለት እጄ ሊያመልጥ ይፈራገጥ ነበር። ሴትዮዋ ፈለፈሉ፣ አንዲት ነገር አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ነጭ ናት፤ ለስላሳ፣ በደም የራሰች፣ ባንድ በኩል ጫፏ ሾጠጥ ያለ። መዳፋቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩልን።

«ይኸውላችሁ ትሉ።»

አየኋት። መዳፋቸው ነቅነቅ ሲል እሷም የተነቃነቀች መሰለኝ። ትል ናት ብዬ አመንኩ፤ ማን ቢነግረኝ አልቀይርም ነበር። አያቴ «ተመስገን» አሉ። ከታች ሁለት፣ ከላይ ሁለት፣ አራቱም ወጡ። ቁስሉ ላይ ጨውና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ተደረገበት። ሴትዮዋ ቡናቸውን ጠጡ፣ ገንዘባቸውን ተቀበሉ፣ መርቀው ሄዱ።

ደሙ ግን አልቆመም። ወንድሜ ጡት ሲሰጠው ጎርሶ ይለቀዋል፤ የእናቴ ጡት ላይ ደም ይቀራል። የዋጠውን ደም ደግሞ ጥቁር አድርጎ ያስመልሰዋል። ሲመሽ ትኩሳቱ ተነሳ። በማግስቱ አገጩ አብጦ ፊቱ የእሱ አልመስል አለን። አያቴ «ትሉ ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል፣ ይበርዳል» ይሉ ነበር፤ ድምፃቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ተቅማጡም እንዳለ ነው። ትሉ ወጥቷል፣ በሽታው አልወጣም።

በሁለተኛው ሌሊት አባቴ «ይሙትም ሐኪም እጅ ላይ ይሙት» ብሎ ተነሳ። ንጋት ላይ እናቴ በአንቀልባ አዘለችው፤ ጎረምሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወንዙን አሻገሩን። እኔም ዕቃ ልይዝ ተከተልኩ። ዳንግላ ላይ ያዩት ባለሙያዎች ሳይውል ሳያድር ባሕር ዳር እንዲደርስ ሪፈር ጻፉለት። ሰማንያ ኪሎ ሜትር የማይሞላው መንገድ በዚያ ዝናብ እንዴት እንደረዘመ የሚያውቀው፣ የታመመ ልጅ ታቅፎ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። እናቴ በየመታጠፊያው ጆሮዋን አፍንጫው ላይ ታስጠጋ ነበር።

ሆስፒታል እንደገባን ነርሷ ደም ሥር ፈለገችለት። ከክንዱም ከእግሩም ስታጣ የራሱን ጎን ፀጉር ላጭታ መርፌውን እዚያ ሰካችው። እናቴ አንጎሉን የወጉት መስሏት እሪ አለች። ዶክተሩ እርግብግቢቱን በጣቱ ዳሰሰ፤ ሰርጎድ ብሏል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆየ። ቀጥሎ ከንፈሩን ገለጠና ቀና ብሎ እናቴን አያት።

«ግግ አወጣችሁለት?»

እናቴ አቀረቀረች። አባቴ ግድግዳውን ያያል። «አዎ» ያልኩት እኔ ነኝ።

«አንቺ አይተሻል?»

«አይቻለሁ። አራት ትል ወጣለት።»

ዶክተሩ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ በልጅ ቋንቋ ነገረኝ። «ያየሽው ጥርሱን ነው። ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነጭና ለስላሳ ነው። ጫፉ ሾጠጥ አላለም?» ብሎ ጠየቀኝ። ሾጠጥ ብሎ ነበር። ሳይጠነክር በፊት፣ ሥር ሳያወጣ በፊት የተፈለፈለ ክራንቻ ነበር። በመዳፍ ላይ ያየነው እውነት ነው፤ የሰጠነው ስም ነው ሐሰት።

የወንድሜ ችግር ሦስት ሆኖ ነበር። ሰውነቱ ውሃ አልቆበታል፤ ደሙ ጎድሏል፤ የቆሰለው ድድ አመርቅዞ መንጋጋውን አሳብጦ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሙ ገብቷል። የመጀመሪያው ከቤት ይዞት የሄደው ነው። ሁለቱን የጨመረበት ወስፌው ነው። ዶክተሩ የክትባት ካርዱን ጠየቀ፤ እናቴ በፌስታል ጠቅልላ ይዛው ነበር። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያው በካርዱ ላይ ስለተገኘ አንድ ስጋት ቀለለ። አባቴ ደም ሰጠ። ከዚያ በኋላ ያ «ይገድለዋል» የተባለው መርፌ በየሰዓቱ ይገባለት ጀመር።

ክፍሉ ውስጥ በእኛው አልጋ ትይዩ ሌላ ሕፃን ነበረች፤ ከሌላ ወረዳ፣ በተመሳሳይ ነገር የመጣች። እሷ አልተረፈችም። እናቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ እናቴ ማሙሽን ከአልጋው አንስታ ደረቷ ላይ አጣበቀችው፤ ነርሶቹ የተሰካለት ግሉኮስ እንዳይነቀል ሲለምኗት አልሰማቻቸውም። እኛና እነሱ የሚለየን ምን እንደነበር አላውቅም። ምናልባት የአባቴ ያች የሌሊት ውሳኔ ናት።

የመዳኑን ምልክት ያየነው ባልጠበቅነው በኩል ነው። አንድ ጧት እናቴ ቀሚሷ እንደራሰ ተሰማት። ማሙሽ ሸንቶባታል። ነርሷ እየሳቀች «ሸና! ሸና!» እያለች ለጓደኞቿ ነገረች። ስንደርስ ጀምሮ ስትጠይቀን የኖረችው ይህንኑ ነበር፤ «ሸንቷል?» እኛ ድዱን ስናይ የሰነበትነውን ልጅ እነሱ በሽንቱ ነበር የሚከታተሉት። ውሃው ወደ ሰውነቱ ተመልሷል ማለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ትኩሳቱ እየበረደ፣ አገጩ እየሟሸሸ ሄደ፤ ጡቱንም ያዘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረው» ሊል መጣ። በዚያው ቀን የሰማሁት ንግግር ነው ይህ ልማድ ለምን እንደማይሞት ያስረዳኝ። «ግግ ባይወጣለት ኖሮ ሆስፒታልም ባልደረሰ» አሉ። የተረፈው ግግ ስለወጣለት ሆነ። ያቺ የሞተችው ሕፃን ታሪክ ሲነገራቸው ደግሞ «ዘግይቶ ነው የወጣላት» አሉ። አብዛኛው የሕፃን ተቅማጥ ውሃ ከተተካለት በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ወስፌ የነካው ልጅም በዚያው ጊዜ ይሻለዋል፤ ምስጋናው ግን ለወስፌው ይሰጣል። የዳነውም የሞተውም ለአንድ ነገር የሚመሰክርበት ፍርድ ቤት ሐሰትን ሊያገኝ አይችልም።

ሰው ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ታሪኩ ያለቀ ይመስለዋል። የጥርስ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ማሙሽ ሁለት ዓመት ሲያልፈው ሌሎቹ የልጅ ጥርሶቹ ወጥተው አለቁ፤ ሃያ መሆን ሲገባቸው አሥራ ስድስት ሆኑ። «የወተት ነው፣ ዋናው ሲበቅል ይሞላል» ተባለ። ዋናው መብቀል ሲጀምር ከታች ከፊት ጥርሱ ጎን ያለው ተጣሞና ተቦርቡሮ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ወጣ። የቀኙ ክራንቻ ከመስመር ውጭ ወደ ከንፈሩ ዞሮ ብቅ አለ። የግራው ጨርሶ ቀረ። በትምህርት ቤት ልጆች ስም አወጡለት፤ እሱም ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ለመደ። የተቦረቦረው ጥርስ ቶሎ ተበላና ሌሊት ያስለቅሰው ጀመር።

በ2005 ዓ.ም. እኔ ባሕር ዳር አስተማሪ ሆኜ ተቀጥሬ ስለነበር አመጣሁትና የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ከዚያ በፊት ከቤታችን የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ማሙሽ በሕፃንነቱ የተደረገለትን ሲወራ ሰምቶ አድጓል፤ መሣሪያዎቹ በሳህን ተደርድረው ሲያይ ከበሩ ሊመለስ ቃጣው። ዶክተሯ አልያዘችውም፣ አልተቆጣችውምም። መስታወቷን እጁ ላይ ሰጠችውና የራሱን ጥርስ እንዲቆጥር አደረገችው። ወንበሩን ራሱ ቁልፉን ተጭኖ ከፍ ዝቅ አደረገው። እያንዳንዱን ነገር መጀመሪያ በቃል ነገረችው፣ ቀጥላ በጥፍሩ ላይ ሞክራ አሳየችው፣ ከዚያ ነው ወደ አፉ ያስገባችው። ማደንዘዣውን ስትወጋው «እስከ አሥር ቁጠር» አለችው። አሥር ሳይደርስ አለቀ። ወንድሜ የዚያን ቀን ከተደነቀባቸው ነገሮች ሁሉ በላይ የገረመው «ካመመህ እጅህን አንሳ፣ አቆማለሁ» መባሉ ነበር። አነሳ። አቆመች።

የመንጋጋውን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅላ እኔን ጠራችኝና ሳልነግራት «ግግ ወጥቶለታል፣ አይደል?» አለችኝ። ጣቷን በራጁ ላይ እየጎተተች አሳየችኝ። ቋሚው ክራንቻ መጠንከር የሚጀምረው ልጁ ገና የአራትና የአምስት ወር ሕፃን ሳለ ነው፤ የሚተኛውም ከወተቱ ክራንቻ ሥር፣ በስስ አጥንት ተለይቶ ነው። ወስፌ ያንን አጥንት አያውቀውም። የወተቱን ሲፈለፍል ቋሚውንም ያነሳዋል፣ ወይም ወግቶ ያጣምመዋል፤ የጎረቤቱን ጥርስም ይደርስበታል። በወንድሜ ላይ ያየነው ሦስቱንም ነበር፤ የጠፋ፣ ከመስመር የወጣ፣ የተቦረቦረ።

ግግ ማውጣት በእኛ አገር ብቻ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር። ዶክተሯ በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያም እንዳለ ነገረችኝ፤ ታንዛኒያዎች «የናይሎን ጥርስ» ይሉታል። ዴንማርካዊው የአፍ ሐኪም ፒንድቦርግ በዩጋንዳ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1969 ጽፎታል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን ያዩ የጥርስ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ክራንቻቸው የጎደለና የጎረቤት ጥርሳቸው የተጎዳ ልጆች እንዳገኙ በጥናት አሳትመዋል። እንግዲህ የዳንግላው ወስፌና የሌላው አገር ሚስማር ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ራጅ ያስነሳሉ።

ሕክምናው ባንድ ቀን አላለቀም። የተበላው ጥርስ ተጠርጎ ተሞላ። መዳን የማይችለው በማደንዘዣ ተነቀለ። ለጎደለው ደግሞ መንጋጋው አድጎ እስኪጨርስ ተጠብቆ፣ ኋላ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራለት። ለዚያ የወጣው ገንዘብ ከደመወዜ ላይ የቱን ያህል እንደነበር አልቆጥርም፤ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ የቀሩት የኦአርኤስ ከረጢቶች ግን በነጻ የተሰጡን ነበሩ።

አያቴ ያ ትል ጥርስ ነበር መባሉን ለዓመታት አልተቀበሉም። የማሙሽ ቋሚ ጥርሶች መውጣት ሲጀምሩ ግን በየጊዜው አፉን ያስከፍቱትና በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። አንድ ቀን ከቆጠሩ በኋላ ዳግመኛ አላስከፈቱትም። ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ሕፃን ታሞ ግግ ይውጣለት ሲባል አያቴ ራሳቸው ሄደው «የእኔን ልጅ ጥርስ ኑና ቁጠሩ» ይሉ ነበር። ወደ ቀበሌያችን የመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሥዕላዊ ወረቀታቸው ይልቅ የአያቴ ንግግር እንደረዳቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። የሰው ዓይን ያሳመነውን የሚያስለቅቀው ሌላ የሰው ዓይን ነው መሰለኝ።

ልማዱ ግን አልቆመም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማድ ሕፃን የሚጎዳን ሰው ያስቀጣል፤ ሕጉ ሲጠነክር ግን አንዳንዱ ከቀን ወደ ማታ፣ ከደጃፍ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልተወም። አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ሲስቁ ሳላስበው ክራንቻቸውን እቆጥራለሁ። የጎደለባቸውን አሁንም አገኛለሁ። የራሴ ልጅ ስትወለድ ከተማ ውስጥ፣ የተማሩ ጎረቤቶች መሃል ሆኜ «ግግ አይተሽላታል?» ተብዬአለሁ። «አይቻለሁ፣ በዓይኔ በብረቱ» ስላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ቀጥዬ የምነግራቸውን እስኪሰሙ ድረስ።

በልጄ ላይ የምሠራው ብዙ አይደለም። ጥርስ ሳታወጣ ድዷን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ እጠርግላት ነበር። ስድስት ወር ገደማ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል ለስላሳ ብሩሽ ገዛሁ፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ እስከ ሦስት ዓመቷ የሩዝ ፍሬ የምታክል ብቻ፣ ጧትና ማታ። ጡጦ ውስጥ ስኳር ያለው ሻይ አድርጌ አላስተኛትም፤ ተኝታ አፏ ውስጥ የሚያድረው ስኳር ነው የፊት ጥርስን የሚያነክተው። ዓመት ሲሞላት ምንም ሳያማት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ወንበሩን ያየችው ሳታለቅስ ነው። «አርፈሽ ካልተቀመጥሽ መርፌ አስወጋሻለሁ» ብዬ አስፈራርቻት አላውቅም፤ ልጅን በሐኪም የሚያስፈራራ ወላጅ፣ ልጁ በታመመ ቀን ያንን ፍርሃት ራሱ ነው የሚሸከመው። ስድስት ዓመት ሲሞላት ደግሞ ምንም ጥርስ ሳይነቀልላት ከኋላ አዲስ የመንጋጋ ጥርስ እንደሚወጣ ስለማውቅ እጠብቀዋለሁ። ብዙ ወላጅ የወተት መስሎት ይተወዋል፤ ያ ግን ዕድሜ ልክ የሚኖር ጥርስ ነው።

ይህን ለሚያነብ ወላጅ፣ አያት፣ ጎረቤት የምለው አንድ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው ከንፈሩን አትግለጡ። ሽንቱን ተመልከቱ። ስድስት ሰዓት አልፎት ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ዓይኑ ከገባ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ከተቅማጡ ጋር ደም ካለ፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ኦአርኤስ በአንድ ሊትር፣ በማንኪያ፣ ቢያስታውክም ታግሶ፤ ጡት ሳያቋርጡ፤ ጤና ተቋም የሚሰጠውን ዚንክም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እንደታዘዘው እስከ መጨረሻው። የነጣ ድድ ካያችሁ ጥርስ እየመጣ ነው፤ ይምጣ ተዉት። አያት «ትል ነው» ቢሉ አትጣሏቸው፤ ክፋት የላቸውም። የወንድሜን አፍ እንዲያዩ ላኩልን። እሱ ዛሬ አፉን በእጁ አይሸፍንም፤ ለጠየቀው ሁሉ ሰው ሠራሹን አውልቆ ያሳያል፣ ያስቆጥራልም።